ፉጨቱ የማን ነው?

አማርኛችን «አስመሳይ» ለሚለው ቃል መልካም ፊት አሳይቶት አያውቅም። አስመሳይ ስንል ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ፣ ፊት ለፊት እየሳቀ ከጀርባ የሚያማ ሰው ማለታችን ነው። የሰማውን ሳያላምጥ የሚደግመውን ደግሞ «በቀቀን» እንለዋለን። ሁለቱም ስድብ ናቸው። ታዲያ ከግንቦት ጀምሮ ካሜራ አንግቤ ስከታተለው የከረምኩት ፍጡር በሁለቱም ስሞች ቢጠራ የሚበዛበት አልነበረም። የሌላውን ድምፅ ይወስዳል፤ የወሰደውንም አጥር ላይ ወጥቶ ለሰፈር ያሰማል። ነገር ግን ይህን ሌባ የሚከሰው ቀርቶ የሚያማው እንኳ አላገኘሁም። እንዲያውም አንዲት እናት የተሰረቀውን ዕቃ በአደራ እንዳስቀመጠላቸው ሰው ያመሰግኑታል።

ነገሩ ስለ ወፍ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የጽድ አጥር የተረፈላቸው አሮጌ ግቢዎች አሉ። በእነዚህና ቁጥቋጦ ባልጠፋባቸው ሌሎች የአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ወፍ ይኖራል። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ጀርባው ግራጫ፣ ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ደማቅ ብርቱካንማ ነው። ጅራቱም ብርቱካንማ ሆኖ መሐሉ ጠቆር ይላል። ከዓይኑ በላይ በኖራ የተሰመረ የመሰለ ነጭ ቅንድብ አለው። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ጥላ ይወዳል፤ የረገፈ ቅጠል እየገለበጠ ጉንዳንና ትላትል ይለቅማል። ሰው ሲያይ ጅራቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ወደ አጥሩ ሥር ይገባል። በዚህ ሁኔታው ከተማውን የሞላ ወፍ ሆኖ ሳለ ብዙው ሰው አያውቀውም። እኛ ግቢ «ፉጨተኛው» ይባላል።

የፈረንጅ መጻሕፍት «ሩፔልስ ሮቢን ቻት» ይሉታል። ሩፔል ማለት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በምፅዋ በኩል ገብቶ፣ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ድረስ ዘልቋል። ሲመለስ የግዕዝ መጻሕፍትና እጅግ ብዙ የአራዊትና የአዕዋፍ ናሙና ይዞ ሄደ፤ የእንስሳቱ ስብስብም ፍራንክፈርት ለሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየም ሆነ። በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው ተገድሎ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ሆዱ በጥጥ ተሞልቶ ነበር። ላባው ከነቀለሙ ይቆያል፤ ወረቀት ተጽፎ እግሩ ላይ ይታሰራል። በዓለም የታወቀበት ድምፁ ግን ከወፉ ጋር ጎንደር ላይ ቀርቷል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ካሜራም ቢሆን ከሩፔል ጥጥ ብዙም አይሻልም፤ መልክ ይይዛል እንጂ ድምፅ አያስቀርም። በመልኩ ሳይሆን በጉሮሮው የሚታወቅን ወፍ ፎቶግራፍ ማንሳት ዘፋኝን በጋዜጣ ላይ እንደ መስማት ነው።

ለምን ታዲያ ደከምኩ? የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እማማ ስለጠየቁኝ ነው።

የእማማ ባለቤት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏል። እኔ አልደረስኩባቸውም፤ የማውቃቸው ሳሎኑ ውስጥ ካለው ፎቶግራፍና ከጎረቤት ወሬ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ በር አያንኳኩም ነበር ይባላል። ከመንገዱ ማጠፊያ ላይ ሆነው ሦስት አጭር፣ አንድ ረዥም ፉጨት ያፏጫሉ፤ ረዥሟ መጨረሻዋ ላይ ወደ ላይ ትሰበራለች። እማማ ያንን ሲሰሙ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይነሱና የአጥሩን በር ይከፍታሉ። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ተኖረ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ለቡና ወጥተው ሲመለሱ ልማዱ አልቀረም።

ሐዘኑ ከተነሳ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው አሉ፤ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ያው ፉጨት ተሰማ። ሦስት አጭር፣ አንድ ረዥም። እማማ ከመቀመጫቸው ተነስተው በሩ ዘንድ ደርሰው ነበር። መንገዱ ላይ ማንም የለም። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን የቤት ሠራተኛዋ በጣቷ ወደ ጽዱ ጠቆመችላቸው።

«መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ አማተብኩም» ብለውኛል። «ኋላ ግን፣ ልጄ፣ ሲቀርብኝ የምጨነቅ ሆንኩ።»

አሁን እማማ ቤቱን ሊለቁ ነው። ልጆቻቸው ሦስቱም ውጭ አገር ናቸው፤ ብቻቸውን በዚህ ሰፊ ግቢ መኖራቸው አሳስቧቸው ተማከሩና ግቢው ተሸጠ። ገዢው ከመስቀል በኋላ ይረከባል፤ ፎቅ ሊሠራበት ነውና ጽዱም ጓሮውም አይተርፉም። እማማ ሲኤምሲ አካባቢ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አፓርትመንት ተገዝቶላቸዋል። ሊፍት አለው፣ ውኃ አለው፣ ጠባቂ አለው። የጽድ አጥር የለውም።

ነገሩን እንደሰማሁ አንድ ማታ ፉጨቱን በስልኬ ቀድቼ ወሰድኩላቸው። አንድ ጊዜ አዳመጡና ስልኩን መለሱልኝ።

«ድምፁንማ ስንት ዓመት ሰማሁት፤ ከጆሮዬ ማን ያወጣዋል? እኔ የማላውቀው መልኩን ነው። ዓይኔ አጥሩ ድረስ አይደርስም። ይህን ሁሉ ዘመን የሱን ነገር ይዞልኝ የኖረው ማን እንደሆነ ሳላይ ልሂድ? ፎቶ አንሺ አይደለህም እንዴ? እስቲ አሳየኝ።»

ሥራው እንዲህ ተጀመረ።

ፉጨተኛው በደንብ የሚያፏጨው ከማታው 12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ዓይን ለዓይን እስከማይተያይበት ድረስ ነው። የሱ ምርጥ ሰዓት ለካሜራ የመጨረሻው ክፉ ሰዓት መሆኑ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ ምሽቱ አይንቀረፈፍም፤ ፀሐይ ጠለቀች ሲባል ጨለመ ማለት ነው። በዚያ ላይ ክረምት፣ በዚያ ላይ የጽድ ጥላ። አይኤስኦውን 3200 አድርጌ፣ የ300 ሚሊሜትር ሌንሴን እስከ መጨረሻው ከፍቼ እንኳ የካሜራው መዝጊያ 1/30 ሰከንድ ካልቆየ በቂ ብርሃን አይገባም። በዚህ ፍጥነት ቤት ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ጅራቱን አንድ ቦታ ማሳረፍ የማይችል ወፍ ግን ብርቱካንማ ጭስ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ጭስ ከሁለት መቶ በላይ አለኝ።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ ሁለት መላ መከረኝ። አንደኛው ፍላሽ ነው። ለምሽት የተዘጋጀ የወፍ ዓይን ላይ ያን ያህል ብርሃን መልቀቅ አልወደድኩም። ሁለተኛው የወፉን ድምፅ ከስልክ ላይ ከፍቶ ማሰማት ነው። ወፉ ሌላ ወፍ ክልሉን የደፈረበት መስሎት ለጠብ ከአጥሩ ይወጣል፤ ያኔ ማንሳት ነው። ይህን ብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ያደርጉታል፤ ብዙዎችም ያወግዙታል። ወፍ በሚፈለፍልበት ወቅት በሌለ ጠላት ማዋከብ ስለሆነ። እኔ ግን የከለከለኝ ሌላም ነገር ነበር። ያ ፉጨት ከስልክ ወጥቶ በዚያ ግቢ ውስጥ ቢሰማና እማማ እንደ ድሮው ቢነሱ ምን እላቸዋለሁ? ስለዚህ መቀመጥን መረጥኩ። ከውኃ ቧንቧው አጠገብ፣ ባልዲ ገልብጬ፣ ፎጣ ደርቤ፣ ማታ ማታ ተቀመጥኩ።

ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጆሮው ይከፈታል። ፉጨተኛው ያ አንድ ፉጨት ብቻ አይደለም ያለው። ሰማይ ላይ የሚዞረውን የጭልፊት ድምፅ ያሰማል፤ ጫጩቶቿን የያዘች ዶሮ ቀና ብላ ስታይ አይቻለሁ። የሌሎች ትናንሽ ወፎችን ዜማ ቆርጦ ቆርጦ ይቀጥላል። ከታች በኩል የቆመ መኪና የሚያሰማውን የደወል ድምፅም ሞክሮታል። ሁሉን ግን አይቀዳም። የቁራሌው ጩኸት፣ የፈጪ ወፍጮ፣ የሰው ንግግር አይገባለትም፤ ወይም አይፈልገውም። የሚመርጠው ጥርት ያለውን፣ ፉጨት መሰሉን ነው። የሟቹ ሾፌር ፉጨት ለጉሮሮው የተሰፋ ልብስ ሆኖለታል ማለት ነው።

እንዴት ይችላል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛ ድምፅ የምናወጣው ከማንቁርታችን ነው። የወፍ የድምፅ መሣሪያ ግን ከደረቱ ውስጥ፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሳንባዎች በሚሄድበት መገንጠያ ላይ ይገኛል፤ ሲሪንክስ ይባላል። ዘማሪ ወፎች የግራና የቀኙን ለየብቻ ማዘዝ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ማውጣት፣ ወይም አንዱን በግራ ጀምሮ በቀኝ መጨረስ ለእነሱ ተራ ነገር ነው። ለምን ያደርጉታል? ለሚለው አንድ መልስ የለም። ብዙ ዜማ የሚያውቅ ወንድ በሴቷ ዘንድ ይመረጣል የሚሉ አሉ፤ ክልል ለማስከበር ነው የሚሉም አሉ። ለማታለል የሚቀዳም አይጠፋም። ቶም ፍላወር የተባለ ተመራማሪ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት በካላሃሪ በረሃ የሚኖር ድሮንጎ የተባለ ጥቁር ወፍ የሌሎች እንስሳትን «አደጋ መጣ» የሚል ጩኸት እየቀዳ እንደሚያስደነግጣቸው አሳይቷል። እነሱ ጥለው ሲሸሹ ምግባቸውን ያነሳል። ሩብ ያህሉ እንጀራው በዚህ የሚገኝ ነው። አስመሳይ የሚለው ስም ለሱ ይገባል።

የኛ ፉጨተኛ ግን የሰረቀው ምግብ የለም።

ሥራዬን ሲያይ የሰነበተ አንድ ጎረቤታችን አለ፤ ጡረተኛ መምህር ነው። አንድ ማታ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ «ወፉ እኮ የራሱን ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ የሚተረጉሙት እማማ ናቸው» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ጥያቄውም ተገቢ ነው። የዚህ ወፍ የተፈጥሮ ዜማው ራሱ ደጋግሞ የሚያፏጨው ፉጨት ነው። ሐዘንተኛ ጆሮ ደግሞ የሚፈልገውን ይሰማል። ከዚህም ሌላ ትንሽ ወፍ በዱር ዕድሜው አጭር ነው። ሾፌሩን የሰማው ወፍና ዛሬ የሚያፏጨው አንድ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

ስለዚህ ዙረት ጀመርኩ። ጠዋትና ማታ የሰፈሩን አጥሮች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች፣ የወንዙን ዳር እየዞርኩ የሌሎች ሮቢን ቻቶችን ፉጨት ሰማሁ። ሁሉም ያፏጫሉ፤ ያቺን ሦስት አጭርና አንድ ረዥም፣ መጨረሻዋ ላይ የምትሰበረውን ግን ከአንዳቸውም አላገኘሁም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ማታ ግን ከእኛ ግቢ አራት ቤት ዝቅ ብሎ፣ ባለቤቶቹ ሾፌሩን በዓይን እንኳ የማያውቁ አዲስ ነዋሪዎች በሆኑበት ግቢ፣ አንድ ወፍ ጀመረ። ሦስት አጭር፣ አንድ ረዥም። መጨረሻዋ ላይ ሰበራት። ወዲያው ከላይ፣ ከእኛ ጽድ፣ ያው ፉጨት መለሰለት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እየሰማሁ ነበርና ሁለት ወፎች መሆናቸው አያጠራጥርም።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር በደንብ ተመዝግቧል። በአውስትራሊያ ላየርበርድ የተባለ ታላቅ ቀጂ ወፍ አለ፤ በ1998 (እ.ኤ.አ.) በቀረበው የዴቪድ አተንቦሮ ፊልም ላይ የካሜራ መዝጊያ ድምፅ ሲያሰማ ብዙ ሰው አይቶታል። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ጥቂት ላየርበርዶች ታስማኒያ ወደምትባለው ደሴት ተወስደው ተለቀቁ። በዋናው ምድር የሚኖር ዊፕበርድ የተባለ ወፍ ታስማኒያ ውስጥ የለም። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ግን እዚያው ደሴት ተፈልፍለው ያደጉ ላየርበርዶች የዊፕበርድን ድምፅ ሲያሰሙ ተገኙ። ዊፕበርድን አይተውትም ሰምተውትም አያውቁም። ከአባቶቻቸው ተቀብለው ነው።

በአገራችን ላይ አልፋ የምትሄድ ሌላ ወፍም ላንሳ። ማርሽ ዋርብለር ትባላለች፤ አውሮፓ ትፈለፈላለች፣ የአውሮፓን ብርድ በመሸሽ ወደ ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ስትወርድ በኢትዮጵያ ታልፋለች። ፍራንስዋዝ ዳውሴት-ለሜር የተባሉ ተመራማሪ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የወንዶቹን ዜማ በልጠው ሲቆጥሩ የ212 ዓይነት ወፎች ድምፅ አገኙበት፤ 99ኙ የአውሮፓ፣ 113ቱ የአፍሪካ ወፎች ነበሩ። ቤልጅግ ቁጥቋጦ ውስጥ የተቀመጠ ወፍ የአፍሪካን ቆላ ያወራል ማለት ነው። ስደተኛ አገሩን በምን ይዞ ይሄዳል? ለሚለው አንድ መልስ ይህ ነው።

ቨርጂኒያ የምትኖረው የእማማ ልጅ ስልክ ስትደውል ስለዚህ ሥራዬ ሰማችና፣ «እኛም ጓሮ አንድ አለ፤ የመኪና አላርም እየቀዳ ሌሊት አያስተኛንም» አለችኝ። ሞኪንግበርድ ነው። የሳይንስ ስሙ «ባለ ብዙ ልሳን አስመሳይ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ «የአባባን ፉጨት እውነት ያፏጫል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቀዳሁትን ላክሁላት። መልስ አልጻፈችም፤ በማግስቱ ግን እናቷን ሁለት ጊዜ ደወለችላቸው።

በወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብዙ ያሰብኩት ግን ስለ ቅዱስ ያሬድ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም የነበረው ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ከሦስት አዕዋፍ ተማረ ይላል ትውፊታችን። የዜማችን አባት የወፍ ተማሪ ነበር ማለት ነው። በዜማ ቤትም ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ ያንኑ መልሶ እያለ፣ ስቶ እየታረመ ዓመታት ይቆያል። መምህሩ ያርፋሉ፤ ዜማቸው በተማሪው ጉሮሮ ይቀጥላል። ያንን ተማሪ አስመሳይ ያለው የለም። ተቀባይ፣ ወራሽ፣ ሲበስልም መሪጌታ እንለዋለን። ልዩነቱ ከምን እንደሆነ ሳስብ ያገኘሁት ይህን ነው። አንዱ የሰው ድምፅ ወስዶ ሰውየውን ለማጥፋት ይጠቀምበታል፤ ሌላው ወስዶ ሰውየው በሌለበት ያቆየዋል። ወፉ ይህን አስቦ አላደረገውም። ሥራው ግን ያው ነው።

ፎቶግራፉ የተገኘው ባልጠበቅሁት ሰዓት ሳይሆን ከወፉ በተማርኩት ሰዓት ነው። ከብዙ ቀን መቀመጥ በኋላ አንድ ልማዱን አወቅሁ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ሲያድርና ጠዋት የጎመን መደቡ ሲኮተኮት፣ ከአፈሩ ለሚወጣው ትል ሲል ከጥላው ይወጣል። ነሐሴ 9 ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጁ መደቡን ኮትኩቶ ዶማውን አፈሩ ላይ ተክሎ ሄደ። ደመናው ሳስቶ ነበር፤ ለስላሳ ብርሃን። ፉጨተኛው ከአጥሩ ሥር ወጣ፣ ዘወር ዘወር አለ፣ ከዚያ ዶማው እጀታ ላይ ዘሎ ቆመ። መዝጊያው 1/250 ሰከንድ ነበር። አራት ጊዜ አነሳሁት። አያፏጭም፤ አፉ ውስጥ ትል ይዟል። ግን ቅንድቡ አለ፣ ብርቱካንማው ደረቱ አለ፣ ዓይኑ ውስጥ የግቢው በር በትንሹ ይታያል።

በትልቁ፣ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር አሳትሜ ለእማማ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው አፍንጫቸውን ሊያስነኩት እስኪደርሱ አቅርበው አዩት። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

«ይሄ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ይቺን የምታክል? እኔ እኮ ትልቅ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ሳቁ። «ቅንድቡን ተመልከት፣ እንደ ሽማግሌ!»

ታች ሰፈር ስላለው ሁለተኛው ወፍ የነገርኳቸው ያኔ ነው። አላመኑኝም መሰለኝ። ስለዚህ ሊመሽ ሲል ክንዳቸውን ይዤ እስከ አራተኛው ቤት አጥር ድረስ ወረድን። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ መጣ። እማማ ሁለት ጊዜ እስኪደግመው ጠበቁና፣ «እንግዲህ በሩን የሚከፍቱለት እነዚህ ናቸው» ብለው ወደ ቤት መለሱኝ።

ፎቶግራፉን የት እንደሚሰቅሉት ጠየቅኋቸው። ሳሎን፣ ከባለቤታቸው ፎቶ አጠገብ ይሉኛል ብዬ ነበር። አይደለም። አዲሱ ቤት ሲገቡ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል እንድሰቅልላቸው አዝዘውኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ግቢዎ ውስጥ ቁጥቋጦ ከተረፈ አንድ ጥግ ሳያጸዱ ይተዉለት፤ የረገፈውን ቅጠል ሁሉ አያቃጥሉት። ወፉ የሚበላው ከዚያ ሥር ነው። ጓሮ ለሌለዎትም ጎረቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የወንዝ ዳር አለ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን ለአፍታ ዝቅ አድርገው ያዳምጡ። ከሚሰሙት ፉጨት የትኛው የወፉ፣ የትኛው የሰፈርዎ፣ የትኛው የአንድ የማያውቁት ሰው እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ማታ ይፈጃል።